የተቀባበለ ሽጉጥ ማንን ይጠብቃል?

በቦንጋ ከተማ የመሣሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ቡና ላይ ሲቀመጡ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። ሽጉጥ ወገብ ላይ ሲታጠቅ ጥይት ጎርሶ ይሁን? ወይስ ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ብቻ ሆኖ በርሜሉ ባዶ ይሁን? ለብዙ አንባቢያን ነገሩ የወታደርና የፖሊስ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እንደዚያ ግን አይደለም። የተቀባበለ ሽጉጥ የታጠቀው ሰው ከእናንተ ጋር በአንድ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ ለቅሶ ቤት በአንድ ድንኳን ይቀመጣል፤ ሠርግ ላይ ከጎናችሁ ቆሞ ያጨበጭባል። አፈሙዙ በዞረበት አቅጣጫ ያለን ሁሉ በክርክሩ ውስጥ ድርሻ አለን፤ ድምፃችንን የጠየቀን ግን የለም።

አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። ሲቪል ሰው፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ጥይት ያጎረሰ ሽጉጥ ታጥቆ በሰው መካከል መመላለስ የለበትም።

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያራምዱት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ጥቃት ቀጠሮ አይሰጥም ይላሉ። አንድ እጅ ሲቆስል ወይም በአጥቂው ሲያዝ በሌላው እጅ ብቻ ማቀባበል እንዴት ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1983 የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው አሜሪካዊው ዴኒስ ቱለር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ ርቀት፣ በአንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ሮጦ እንደሚደርስ አሳይቷል። ታዲያ ከዚህች ጠባብ ጊዜ ላይ ሌላ ግማሽ ሴኮንድ ለማቀባበል መቁረጥ ራስን ለሞት አሳልፎ መስጠት አይሆንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ቱለርን የሚጠቅሱት ወገኖች ጽሑፉ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ይዘነጉታል። ሰውየው ይናገር የነበረው ሽጉጡን በተገቢ ማህደር ለሚይዝ፣ ዘወትር ለሚለማመድ ባለሙያ ነው። ዋና ምክሩም ርቀትህን ጠብቅ፣ አደጋውን ቀድመህ ለይ የሚል እንጂ ስለ በርሜል ውስጥ ጥይት አልነበረም። ፈቃድ ካገኘ ጀምሮ አሥር ጥይት እንኳ ዒላማ ላይ ያልተኮሰ ሰው ሽጉጡን ከሸሚዙ ሥር ፈልቅቆ እስኪያወጣ ድረስ የቱለር አጥቂ ደርሶ ሥራውን ጨርሷል። እንዲህ ላለው ሰው የጎረሰው ጥይት የሚያተርፍለት ጊዜ የለም።

በእውነት የሚተኮስባት ከተማ ፖሊስስ ምን ያደርግ ነበር? ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ወንጀለኛና የታጠቀ ሽፍታ በሞላባት በሻንጋይ፣ የከተማዋን ፖሊሶች ያሠለጥን የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ፌርቤርን ሰዎቹ ካዝናው የሞላ፣ በርሜሉ ግን ባዶ የሆነ ሽጉጥ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። መምዘዝና ማቀባበል አንድ እንቅስቃሴ እስኪሆኑ ያለማምዳቸዋል። ይህንኑ ከኤሪክ ሳይክስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1942 በመጽሐፍ አሳትሞታል። በእስራኤልም የተለመደው አያያዝ ለረጅም ዘመን ይኸው በመሆኑ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በእነርሱ ስም ይጠራል። ሻንጋይንና እስራኤልን ፈሪ ያላቸው ሰው የለም። የቦንጋ ነጋዴ ወይም የወረዳ ሹም ከእነርሱ የባሰ አደጋ ላይ ነኝ ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

የዘመኑን ሽጉጥ የሚያውቁት ደግሞ ሌላ መከራከሪያ አላቸው። የኦስትሪያው ግሎክና መሰሎቹ በውስጣቸው በተሠራው መከላከያ ምክንያት ቢወድቁም አይተኩሱም፤ ምላጩ ካልተነካ ጥይቱ በርሜል ውስጥ ቢያድር ችግር የለውም ይላሉ። ስለ ግሎክ ልክ ናቸው። ግን በእኛ አገር ወገብ ላይ ያለው ምንድን ነው? ከደርግ ዘመን የተረፈ ማካሮቭና ቶካሬቭ፣ ወይም በኮንትሮባንድ የገባ የቱርክ ሽጉጥ ነው። ቶካሬቭ ከመሠረቱ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ሴፍቲ ሳይኖረው የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ጥይት ጎርሶ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ የድሮ ወታደሮችን ጠይቁ። ወደ ቀጣናችን ከሚገቡት የቱርክ ሽጉጦች መካከል ደግሞ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ በርሜላቸው የተቀየረ አሉባቸው። በዚህ ላይ ማህደር የሚባል ነገር የለም፤ ቀበቶ ሥር መወሸቅ ነው። ምላጩ ለሸሚዝ ጫፍ፣ ለቁልፍ መያዣ፣ ለገዛ ጣት የተጋለጠ ነው።

ባለፈው ከጅማ ወደ ቦንጋ ስመጣ ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ ሽጉጥ አፈሙዙ ወደ ጭኔ ዞሮ ነበር። «ወንድሜ፣ ጎርሷል?» አልኩት። «ታዲያስ መምህር፣ ለጌጥ ልያዘው እንዴ?» አለኝ። ሸቤ ሳንደርስ አንቀላፋ። እኔ ግን ጎጀብን እስክንሻገር ዓይኔን አልከደንኩም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቤት ውስጥ የሚደርሰው ነው። ሰውየው ማታ ይገባል፣ ካዝናውን ያወጣል፣ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል። ካዝናው መውጣቱ አስቀድሞ በርሜል ውስጥ የገባችውን አንዲት ጥይት አያስወጣትም። «ባዶ መስሎኝ» የሚለው ቃል በየፖሊስ ጣቢያው የሚሰማው ከዚህች አንዲት ጥይት የተነሣ ነው። ሽጉጡ ቀድሞም ካልተቀባበለ ይህ ስሕተት የሚገድለው ሰው የለም። ስለ ሕፃናትም እናስብ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምላጭ መሳብ ይችላል፤ ማቀባበያውን ወደ ኋላ መሳብ ግን ለብዙ ሕፃን ከጉልበቱ በላይ ነው። መሣሪያ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ቁልፉ በተረሳበት ቀን ግን በልጁና በሞት መካከል የሚቆመው የበርሜሉ ባዶነት ነው።

አሁን ወደ ሥጋቱ ልመለስ፤ ሥጋት የለም አልልምና። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአጎራባቹ በቤንች ሸኮ ዞን፣ ጉራፈርዳ ወረዳ፣ ታጣቂዎች በርካታ ንጹሐን ዜጎችን ገድለዋል። የአካባቢው ሰው መንግሥት ይደርስልኛል ብሎ አለመተማመኑ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ነገር ግን በቡድን ተደራጅቶ በእርሻ መንደር ላይ የሚዘምትን ታጣቂ ኃይል የአንድ ሰው ሽጉጥ፣ ጎረሰም አልጎረሰም፣ አይመልሰውም። ጠባቂ በሞላበት ቤት ውስጥስ? ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በመኖሪያ ቤታቸው የተገደሉት በገዛ ጠባቂያቸው ጥይት ነው። ከውጭ የሚመጣውን ለመመከት የተዘጋጀ መሣሪያ ከውስጥ የሚነሣውን አያውቅም።

ሕጉም ቢሆን የሚደግፈው ያቺን የማሰቢያ ጊዜ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገወጥና የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከያውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። ከልክ ያለፈውን አንቀጽ 79፣ በቸልተኝነት የገደለውን ደግሞ አንቀጽ 543 ይጠብቀዋል። «በሌላ መንገድ አይቻልም ነበር ወይ?» ብሎ ለመመዘን ጊዜ ያስፈልጋል። በማቀባበያው የሚወሰደው ግማሽ ሴኮንድ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የመጠጥ ቤት ጠብ ላይ አንድ ጓደኛ «ተው!» ብሎ እጅ ሊይዝ የሚችልበት ጊዜ ነው። የማቀባበያው ድምፅ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አገራችን ውስጥ ትርጉሙን የማያውቅ የለም፤ ብዙ ጠብም እዚያው ላይ ይበርዳል። የጎረሰ ሽጉጥ ማስጠንቀቂያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሞት ይገባል።

እንግዲህ ለምን ያጎርሱታል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሽጉጡ በአብዛኛው መከላከያ ሳይሆን ማዕረግ ስለሆነ ነው። ለዚህ በካፋ ምድር ታሪካዊ ሥር አለው። የካፋ መንግሥት ለዘመናት ድንበሩን የሚያስጠብቀው በጥልቅ ቦይና በየበሩ በቆሙ ጠባቂዎች ነበር፤ ንጉሡም ብቻውን አይወስንም፣ ሚክረቾ የሚባል የአማካሪዎች ሸንጎ አብሮት ይመክር ነበር። መከላከያ የጋራ ሥራ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በጠመንጃ ብልጫ አገሩን ያዘ፤ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማርኮ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ነፍጥ የያዘው ጌታ፣ ያልያዘው ገባር ሆነ። (ነፍጠኛ የሚለው ቃል ዛሬ መሰዳደቢያ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት፤ የማወራው ስለ ሥርዓቱ እንጂ ስለ ሕዝብ አይደለም።) ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ሲፈርስ መሣሪያን የክብር ምልክት አድርጎ የማየቱ ልማድ አብሮ አልፈረሰም። የአያቶቹን ገባርነት እያነሣ የሚያለቅስ ካድሬ ዛሬ ሽጉጡን ከኮቱ ሥር እያሳየ ስብሰባ ሲገባ ስታዩ ነገሩ ይገባችኋል።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከሆኑት አራት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። ሹማምንቱ በዝተዋል፣ አጃቢዎቻቸውም እንደዚሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድን ሥርዓት ለማስያዝ የተደረገ ተገቢ ጥረት ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ግን ወረቀት በማየት ብቻ ሊረካ አይገባውም። ፈቃድ ጠያቂው ሽጉጡን በፊቱ ይፍታ፣ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ፣ ማህደር ይኑረው፣ ዒላማ ላይ ይተኩስ። ፈቃዱ ሲታደስም ይኸው ይደገም። በሕዝብ መካከል ሲታጠቅ በርሜሉ ባዶ ይሁን የሚል ግልጽ መመሪያ ይውጣ። አፈጻጸሙም ከገበሬው ወይም ከነጋዴው አይጀምር፤ የክልሉ ሹማምንት በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በር ላይ ይጀምር፤ እዚያ እያንዳንዱ ሽጉጥ ወጥቶ ይታይ።