ረዳት ማሞቂያው ረዳት ይሁን

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤታችሁ ሂት ፓምፕ የሆነ ወገኖች፣ ብርዱ ሳይገባ ልናገር። ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ስለሚያስገባ፣ ብርዱ ቀለል ሲል በ1 ኪሎዋት መብራት 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ረዳቱ ግን 1 ለ1 ነው፤ ያው ምድጃ በሉት። መኖሩን አልቃወምም፤ ብርዱ ሲጠና፣ የውጪው ማሽን የያዘውን ውርጭ ሲያቀልጥም ያስፈልጋል። የሚያናድደኝ፣ ቤቱ ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ ሳያሰላ ባለ 20 ኪሎዋት የሚገጥመው ባለሙያ ነው። ይህ እኮ በ240 ቮልት 83 አምፔር ይስባል! ጠቅላላ መስመሩ 100 አምፔር ለሆነ አሮጌ ቤት ምን ሊተርፍ ነው? ረዳት የጎደለውን ይሙላ እንጂ። ስሌቱን በወረቀት አሳየኝ በሉት። ቴርሞስታቱ ላይ «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለውንም ቤቱ ቶሎ ይሙቅ ብላችሁ አትንኩ፤ ሂት ፓምፑን አቁሞ በረዳቱ ብቻ ነው የሚያሞቀው። እሱ ፓምፑ ለተበላሸ ቀን ነው።