«ጸጉርሽን ተሠርተሽ ነይ»

የእኅቴ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ጥያቄው አልቆ ስትነሣ ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ እናቷ ልትሆን የምትችል ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ ለሁለተኛው ዙር ስትመጪ ጸጉርሽን ተሠርተሽ ነይ» አለቻት። ልጅቷ ያን ዕለት ከንጋቱ ተነሥታ ጸጉሯን ታጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ በጣቷ እየጠቀለለች አበጅታ ወደ ኋላ አስይዛው ነበር የሄደችው። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባታል። የቃሉ ትርጉም ግን አልጠፋትም፤ ተተኮሺ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህቺን «መሠራት» የምትባል ቃል እንመልከታት። ሉጫ ጸጉር ያላት ልጅ ማበጠሪያ ብቻ አስነክታ ብትመጣ «ተሠርተሽ ነይ» የሚላት የለም። ከርዳዳ ጸጉር ያላት ግን ስታበጃጀው ብታድር እሳት እስካልነካው ድረስ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ራሱ በአፋችን ውስጥ ስድብ ሆኖ ከርሟል። ይህን የሚለን የውጭ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንል አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሪቶሪያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጸጉር ደንባቸው ላይ ሲነሡ አጨብጭበናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ በጸጉር ዐይነት ምክንያት ሠራተኛንም ተማሪንም ማግለል በዘር እንደማግለል እንዲቆጠር ስትደነግግ «እሰይ» ብለናል። የእኛዋ ጠያቂ ግን እኛኑ ትመስላለች፤ ስለዚህ ምክር ተባለ።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ በየግድግዳው ተሰቅሏል። የካቲት 23 ቀን ጎፈሬ አጥልቀን ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ የካቲት 24 ቀን ጎፈሬዋ የራሷ የሆነችውን ልጅ ከበር እንመልሳለን።

«የሥራ ቦታ ሥርዐት አለው፤ ንጽሕና ያስፈልጋል» የሚል ይኖራል። ንጽሕና ከሆነ እንነጋገር። ጥቅልል ጸጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ በአብዛኛው ሞላላና ጠመም ያለ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በቀጥ ያለው ጸጉር ላይ እንደ ልቡ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰበራል። የሚፈልገው ውኃ ነው፤ ከውኃውም በኋላ እርጥበቱን የሚያግድ ቅባት። ሲበጠርም እርጥብ እያለ፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ሚዶ፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥሩ እየተወጣ ነው። ለጋ ቅቤ የሚቀቡን እናቶች የዚህን ግማሽ ያውቁ ነበር፤ ቅቤ እርጥበት ያግዳል እንጂ እርጥበት አይሰጥም፤ በደረቅ ጸጉር ላይ ሲለጠፍ ደረቁን ነው የሚያሽገው። ድሮ ሁሉ ማር ነበር አልልም። የእናቴ ግንባር ወደ ኋላ የሸሸው አጥብቀው ሲጎነጉኗት በኖሩት ሹሩባ ነው።

እኔ በማውቃቸው ጸጉር ቤቶች ግን የተረፈው ጥበብ አንድ ነው፤ ካስክ ውስጥ አስቀምጦ ማድረቅ፣ ከዚያ በፒያስትራ መተኮስ። ፒያስትራው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሙቀት ደጋግሞ የተጠበሰ ጸጉር ቢታጠብም ወደ ጥቅልሉ አይመለስም። መድኃኒት እያልን የምንጠራው ማለስለሻ ደግሞ የባሰ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት የምንጠቀምበት ያው ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከ33 ሺሕ በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ100 ወደ 4 እንደሚጠጋ ገምቷል፤ ባልተጠቀሙት 1.64 ነው። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ መንሥኤው ይኸው ነው ብሎ አልፈረደም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሆኖም ለሥራ ሲባል ይህን በራስሽ ላይ አፍሺ የሚል አለቃ ቢያንስ ቁጥሩን አይቶ ይዘዝ።

አንድ ነገር እንዳይዛባ። ጸጉሯን መተኮስ ያማራት ሴት ትተኮስ፤ ራሷ የራሷ ነው። የእኔ ጠብ ከትእዛዙ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በዘርና በቀለም ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ጸጉር የሚል ቃል የለበትም። አዛዦቻችንም የሚሾልኩት በዚያች ቀዳዳ ነው፤ ዘርሽን አልነካንም፣ ቀለምሽን አልነካንም፣ ብቻ ጸጉርሽ።

ሁለተኛው ዙር የፊታችን ሐሙስ ነው። እኅቴ ለጸጉር ቤት የሚሆን ብር ሰጥታታለች፤ ልጅቷም ተቀብላለች። ምን እንደምታደርግበት ግን ለማናችንም አልነገረችንም።

ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስታወጡ፣ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ «ጸጉር፦ ሉጫ ወይም የተተኮሰ» ብላችሁ ጻፉት፤ ማኅተማችሁንም አሳርፉበት። ልጆቻችን የታክሲ ብራቸውን ይቆጥባሉ፤ እኛም ማንን እንደምንከስ እናውቃለን።