ማሽኑ አስታማሚን ያግዝ እንጂ ሰዓቷን አይቀማ

በቤት ውስጥ የመርሳት በሽታን ለማስታመም የሚያገለግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአሜሪካ ገበያ እየተስፋፋ ነው። የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ ድምፅ፣ ሌሊት ከአልጋ መነሣትን የሚጠቁም መሣሪያ፣ ብቸኛ አረጋዊን የሚያጫውት መተግበሪያ ለቤተሰብ ይቀርባል። ጥቅማቸውን መካድ አይቻልም፤ እናት በእኩለ ሌሊት በር ስትከፍት ልጇን የሚቀሰቅስ ደወል ሕይወት ሊያድን ይችላል። ሕግ አውጪዎች መመለስ ያለባቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ማሽኑን የሚገዛው አስታማሚዋን ለማገዝ ነው ወይስ ለመተካት?

ሥጋቱ ከምናብ የመነጨ አይደለም። የአርካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 በሜዲኬይድ የሚሸፈነውን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሰዓት በአልጎሪዝም መወሰን ጀመረ። ቀድሞ ነርሶች በራሳቸው ዳኝነት ይወስኑት የነበረውን ስሌቱ ተረከበ። ሕመማቸው ሳይሻላቸው በሳምንት 56 ሰዓት የነበረው እንክብካቤ ወደ 32 የወረደባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለምን እንደተቀነሰባቸውም በቂ ማብራሪያ አላገኙም። በክርክሩ ሂደት ስሌቱ የስኳር በሽታን በአግባቡ እንደማይቆጥር ታወቀ። በ2018 ፍርድ ቤት አሠራሩን አገደ። ጉዳቱ ግን ከፍርዱ ቀድሞ ደርሷል።

ለስደተኛ ቤተሰቦች አደጋው እጥፍ ነው። የመርሳት በሽታ ሲጸና ብዙዎች ዘግይተው የተማሩትን ቋንቋ እያጡ ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠሩ አባት በመጨረሻ ዘመናቸው ዐማርኛ ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ መሣሪያ «ሆድ ባሰኝ» ያሉትን እናት የሆድ ሕመምተኛ አድርጎ ቢመዘግባቸው ሐዘናቸው ከነጭራሹ አይታወቅም። በእርስዎታ የኖሩትን እናት «አንተ» ብሎ ቢጠራቸው ደግሞ ግራ መጋባታቸውን ያብሳል። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ለሚሉ አረጋዊ «ቤትዎ ነው ያሉት» ብሎ መመለስ ለማሽን ቀላል ነው፤ ከልመናው በስተጀርባ ያለውን ፍርሃት ተረድቶ እጃቸውን የሚይዝ ግን ሰው ነው።

ሕጉ መነሻ አለው። የተመጣጣኝ ዋጋ የጤና እንክብካቤ ሕግ አንቀጽ 1557ን ለማስፈጸም በ2024 የወጣው ደንብ፣ ለታካሚ መብትና ጥቅም ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ሲተረጎም ብቁ ተርጓሚ እንዲያየው ያዛል። በቤት ውስጥ የሚያዳምጥና የሚመልስ መሣሪያም ከዚህ ባነሰ መለኪያ ሊመዘን አይገባም። እንዲሁም በሐምሌ 2024 የተጀመረው የሜዲኬር ጋይድ መርሐ ግብር፣ ሕመማቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ ተሳታፊዎች አስታማሚዎች የእረፍት አገልግሎት በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይሸፍናል። የደከመች ልጅን የሚያሳርፋት ተተኪ ሰው እንጂ ስልኳ ላይ የሚጮኽ ሌላ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ስለዚህ በፌዴራልም ሆነ በግዛት ደረጃ የሚከተሉት እንዲደነገጉ ይጠየቃል፦

1. መሣሪያ መኖሩ ብቻውን የእንክብካቤ ሰዓት ለመቀነስ ምክንያት አይሁን። ማንኛውም ቅነሳ ኃላፊነት በሚወስድ ባለሙያ ይወሰን፤ ምክንያቱና የይግባኝ መብቱም ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ በጽሑፍ ይገለጽ።

2. በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም መሣሪያ በተጠቃሚው ቋንቋ፣ በቋንቋው ተናጋሪ አረጋውያንና አስታማሚዎች ተሳትፎ አስቀድሞ ይፈተን፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

3. ከመኖሪያ ቤት የሚቀዳ ድምፅና ምስል ለመድን ድርጅት ወይም ለንግድ አይተላለፍ። ፈቃድ የሚጠየቀው ሕመምተኛው መረዳት በሚችልበት ጊዜ ይሁን፤ ከዚያ በኋላም ቤተሰቡ መሣሪያውን የማጥፋት መብት ይኑረው።

እነዚህን ግዴታዎች የሚሸሽ አቅራቢ፣ ምርቱ የሚቆጥበው ገንዘብ ከአስታማሚ ሰዓት የተነጠቀ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም አለበት። ሕግ አውጪዎችም ከክፍያ በፊት ይህን ማስረጃ ሊጠይቁ ይገባል።