ቤንዚንን በጋዝ የመተካት ጥያቄ፤ ከዑረይጃ እስከ አዲስ አበባ

በምዕራብ ሪያድ በዑረይጃ ሰፈር መኪና የሚያሽከረክር ሰው እስከ 2015 ማብቂያ ድረስ አንድ ሊትር 91 ቤንዚን በ45 ሀለላ ይቀዳ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያንኑ ሊትር አሁን የሚቀዳው በ2 ሪያል ከ18 ሀለላ ነው። ጭማሪው የመጣው በአንድ ጊዜ አልነበረም። በዲሴምበር 2015 ማብቂያ ዋጋው ወደ 75 ሀለላ ከፍ አለ፤ በጃንዋሪ 2018 ወደ 1 ሪያል ከ37 ሀለላ ደረሰ፤ ከዚያም በየጊዜው ሲከለስ ቆይቶ በጁላይ 2021 በንጉሣዊ መመሪያ ጣሪያ ተበጀለት። ከጣሪያው በላይ ያለውን ልዩነት የሚሸከመው መንግሥት ነው። ናፍጣ ግን ይህ ጣሪያ አልተደረገለትም፤ በጃንዋሪ 2024 ወደ 1 ሪያል ከ15 ሀለላ፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ 1 ሪያል ከ66 ሀለላ ከፍ ብሏል።

የነዳጅ ወጪ እንዲህ በተሰማ ቁጥር ከሾፌሮች ጨዋታ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። የማእድ ቤቱ ሲሊንደር ርካሽ ከሆነ መኪናውስ ለምን በጋዝ አይሄድም? ጥያቄው ለሪያዱ መኪና ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በላኩት ገንዘብ የተገዛ አሮጌ የቤንዚን መኪና አገር ቤት አላቸው፤ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ እየነዳው ቤተሰብ ይተዳደርበታል። እዚያ የቤንዚን ዋጋ የሚሰማቸው ከሪያዱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የጋዝ መቀየሪያ ዕቃ ገዝቶ ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች መኖራቸው አያስደንቅም። ሐሳቡ ቴክኒካዊ እንከን የለበትም፤ የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ የቃል መደበላለቅን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ጋዝ» የሚለው አንድ ቃል የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። ነጭ ጋዝ ስንል ለኩራዝና ለምድጃ የሚሆነውን ፈሳሽ ማለታችን ነው፤ ቡታ ጋዝ ስንል በብረት ሲሊንደር የሚመጣውን የማብሰያ ነዳጅ፤ የተፈጥሮ ጋዝ ስንል ደግሞ ከሶማሌ ክልል ከርሰ ምድር የሚወጣውን። መኪናን ከቤንዚን ወደ ጋዝ መቀየር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ሁለተኛው፣ በምሕጻሩ ኤልፒጂ የሚባለው የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። መጠነኛ ግፊት ሲደረግበት ፈሳሽ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲነሳለት ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በዋናነት ሚቴን ነው። እርሱን በተራ ሙቀት በግፊት ብቻ ፈሳሽ ማድረግ አይቻልም፤ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ለአንደኛው የተሠራ ታንክ ለሌላው አይሆንም።

የኤልፒጂ መቀየሪያ አሠራሩ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ወይም በስኮርታ ጎማው ቦታ፣ ወፍራም የብረት ታንክ ይገጠማል። ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አካባቢ ይሄድና ግፊት መቀነሻ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም የሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ወደ ጋዝነት ይለውጠዋል። ሞተሩ ስለሚነሣ ብቻ ውሃው ወዲያው አይሞቅምና መኪናው ጠዋት የሚነሣው በቤንዚን ነው። ጥቂት ከሞቀ በኋላ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ወደ ጋዝ ያዞረዋል። የቤንዚኑ ታንክ ስለማይነሳ ሾፌሩ በሁለት ነዳጅ ይሄዳል። የቀድሞዎቹ የካርቡሬተር መኪኖች ቀለል ባለ ማደባለቂያ ይሠሩ ነበር፤ ለአሁኖቹ ግን ጋዙን ለእያንዳንዱ የሞተር ክፍል ለይቶ የሚረጭ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ታንኩ ከአራት አምስተኛው በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ቫልቭ አለው። ፈሳሹ ሲሞቅ ይለጠጣልና የቀረው ቦታ ለመለጠጫው የተተወ ነው። በጁላይ በዑረይጃ መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የኋላ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቅ ሰው የዚህን ቫልቭ ጥቅም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ቁጥር 67 ደንብ የታንኩን ጥንካሬ፣ የማስተንፈሻ ቫልቩንና የመሙያ ገደቡን በዝርዝር ይወስናል። የማእድ ቤት ሲሊንደር ይህን ሁሉ የለውም። ቆሞ እንዲሠራና ጋዙን ከላይ እንዲያወጣ እንጂ ፈሳሹን እንዲያወጣ፣ መንገድ ላይ እንዲንገጫገጭ ወይም የመኪና ግጭት እንዲችል አልተሠራም። እርሱን አጋድሞ ከሞተር ጋር የሚያገናኝ መካኒክ በልምዱ የተመሰገነ ቢሆንም እንኳ ቦምብ እየገጠመ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሊትር ኤልፒጂ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና ከ12 እስከ 13 ሊትር ጋዝ ይፈጃል። ሊትሩ ርካሽ መሆኑ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ከቤንዚኑ ዋጋ በአምስት አንድ ያህል ካነሰ ገና እኩል መድረሱ ነው። ለምሳሌ ያህል በሪያድ የመኪና ጋዝ በቤንዚኑ ግማሽ ዋጋ፣ በ1 ሪያል ከ9 ሀለላ ይሸጣል ብለን እናስብ። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው የቤንዚኑ ወጪ 436 ሪያል፣ የጋዙ ወደ 272 ሪያል ይሆናል። የሚተርፈው 164 ሪያል አካባቢ ነው። መቀየሪያው ከነሥራው 3,000 ሪያል ቢያስወጣ ገንዘቡ የሚመለሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ይህ እንግዲህ በግምት ላይ የቆመ ሒሳብ ነው፤ በዑረይጃ ዙሪያ ያሉት ማደያዎች የሚሸጡት ቤንዚንና ናፍጣ እንጂ የመኪና ጋዝ አይደለምና። የመኪናን አካል ወይም አሠራር ያለ ሕጋዊ ሂደት መለወጥም በሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ያስቀጣል። በየጊዜው በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ላይ የሚቀርበው መኪና በኢስቲማራው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። የቤተሰብ ሾፌር ከሆነ ደግሞ መኪናው የእርሱ አይደለም፤ የከፊሉ ነው። በሪያድ ላለ መኪና መልሱ አጭር ነው፤ አያዋጣም።

ነገሩ በሌሎች አገሮች እንዴት ተሳካ? ቱርክ በኤልፒጂ የሚሄዱ መኪኖች ቁጥር በዓለም ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ አሏት። ቱርኮችን ወደ ጋዝ የወሰዳቸው የመሣሪያው ብልሃት አይደለም። መንግሥት በቤንዚን ላይ የጣለው ግብር ከጋዙ እጅግ የከበደ ስለሆነ ነው። አልጄሪያ «ሲርጋዝ» ብላ በምትጠራው የመኪና ጋዝ ያደረገችው ከዚህም ይበልጣል። በ2020 የሱፐር ቤንዚን ሊትር ወደ 45.97 ዲናር ከፍ ሲል የጋዙ ሊትር 9 ዲናር ላይ እንዲቆይ ተደረገ፤ ለመቀየሪያውም ወጪ መንግሥት ድጎማ ሰጠ፤ ናፍጣል የተባለው የመንግሥት ኩባንያም ማደያዎቹን አዘጋጀ። ኢራቅም እንዲሁ በነዳጅ ሚኒስቴሯ ሥር ባሉ የመቀየሪያ ማዕከላት ትሠራለች። ግብጽ መኪናን ወደ ጋዝ በመቀየር የታወቀች ብትሆንም የእርሷ ጋዝ ሌላ ነው፤ የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። አገሮቹ ሁሉ የሚመሳሰሉበት ነገር አላቸው። ጋዙን ራሳቸው ያመርታሉ፣ ወይም በዋጋው ላይ በግልጽ ወስነዋል፤ ከዚያም ማደያውና ምርመራው ተከተለ። ጋራዡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ቅደም ተከተል የለም። የቤንዚን ዋጋ በእርግጥ ሰውን አማራጭ እንዲፈልግ የሚያስገድድ ነው። በጁላይ 2022 መንግሥት አጠቃላይ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣትና ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሰጥ ድጎማ ሲጀምር የአንድ ሊትር ዋጋ 47.83 ብር ነበር። በጃንዋሪ 2025 ዋጋው 101.47 ብር ደረሰ፤ በመካከሉ በጁላይ 2024 ማብቂያ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቋል። በዚህ ዋጋ ያው 10 ሊትር የሚፈጅ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ብር በላይ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ መንግሥት በጃንዋሪ 2024 ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና ውድና የማይተካ አድርጎታል። ባለቤቱ ሊሸጠው አይፈልግም፤ ሊነዳውም ከበደው።

ሆኖም ኢትዮጵያ ኤልፒጂ የምታገኘው ከውጭ ነው፤ በዶላር ይገዛል፤ በወደብና በረጅም መንገድ ይመጣል። የሚገርመው ዋጋው የሚነሣው ከዚሁ ከሳዑዲ መሆኑ ነው። አራምኮ በየወሩ ለፕሮፔንና ለቡቴን የሚያወጣው የሽያጭ ዋጋ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ እስያ ላለው ገበያ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ከዝሃራን የሚወጣው ቁጥር በአዲስ አበባ አንዲት እናት ለሲሊንደሯ በምትከፍለው ላይ ድርሻ አለው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤንዚንን በኤልፒጂ መተካት ከዶላር መውጣት አይደለም፤ ከአንዱ የውጭ ነዳጅ ወደ ሌላው መሻገር ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ነዋሪ የማብሰያ ጋዝ ጠፍቶ ባዶ ሲሊንደር ይዞ ከሱቅ ሱቅ የዞረባቸውን ቀናት አይረሳም። ጋዙ በታጣ ጊዜ ማእድ ቤቱ ወደ ከሰል ይመለሳል፤ የከሰሉ ጭስ ደግሞ የሚያገኘው በአብዛኛው ሴቶችንና ሕፃናትን ነው። በቂ አቅርቦት በሌለበት ገበያ አንድ የታክሲ ታንክ የሚውጠው ጋዝ የብዙ ቤቶችን ምድጃ ለቀናት የሚያነድ ነበር። መቀየሪያው በብዛት ቢስፋፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ከሪያድ በሚላከው ገንዘብ ሲሊንደር የሚሞላው ያው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

«ጋዝ እኮ ወጣ» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። በኦክቶበር 2025 በካሉብ የተመረቀው የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ በመጀመሪያ ምዕራፉ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የታሰበ ነው። ጋዙ የተገኘው በ1970ዎቹ ነበርና ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠበቀ ዜና መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የካሉብ ምርት ከላይ የተለየው ሚቴን ነው። እጅግ የቀዘቀዘው ፈሳሽ ልዩ ታንክ ስለሚፈልግ በትራንስፖርት ረገድ በይበልጥ የሚስማማው ለከባድ ተሽከርካሪዎች ነው፤ በቪትዝ መኪና የኋላ ክፍል ውስጥ ለተገጠመ የኤልፒጂ ታንክ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ለትንንሽ መኪኖች መንግሥት የመረጠው ኤሌክትሪክን ነው፤ ምርጫውም በሴፕቴምበር 2025 ከተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ካለው የህዳሴ ግድብ ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን መኪና ባለቤት ከሁለቱም ምርጫዎች ውጭ ቀርቷል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው አሮጌው መኪናው ለተጨማሪ ዓመታት እንዲያገለግለው የሚያደርግ ፖሊሲ አልተዘጋጀለትም። ይህን ክፍተት ከሪያድ በካርጎ የሚላክ ዕቃ አይሞላውም።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ዕቃውን ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢኖር፣ በተለይ ያገለገለ ታንክ በርካሽ ሲቀርብለት፣ በታንኩ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ይኖርበታል። በሰሌዳው ላይ የተመረተበት ቀንና ያሟላው የደንብ ቁጥር ይጻፋል። እንደ ቱርክና ፖላንድ ባሉ አገሮች ታንኩ 10 ዓመት ከሞላው በኋላ ወይ ይቀየራል ወይም እንደገና ይመረመራል። ሰሌዳው ከተፋቀ ወይም ከሌለ ታንኩ የተሸጠው በብረትነቱ ነው፤ መከፈል ያለበትም የብረት ዋጋ ነው።