«አቦ ቻለው» ማደንዘዣ አይደለም

ድሬዳዋ ላይ ከደቻቱ ወዲያም ወዲህም ጨጓራውን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፋርማሲ ነው። ኦሜፕራዞል ይገዛል፤ ሲብስበት ይደግማል። «ኢንዶስኮፒ ታይ» ሲባል ግን ይጠፋል። ቱቦውን የዋጠ ጎረቤቱ እንዴት እንደታነቀ ነግሮታላ!

ፈሪ ነው? አይደለም። 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ቱቦ በጉሮሮ ሲያልፍ ማቅለሽለሽ የተፈጥሮ ነው፤ የወኔ ማነስ አይደለም። ቱቦው የሚገባው በምግብ ቧንቧ ስለሆነ መተንፈስ እንደሚችል እንኳ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ እንዴት አይደንግጥ?

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። ጉሮሮ የሚያደነዝዘው ሊዶኬይንም፣ የሚያረጋጋው ሚዳዞላምም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ናቸው።

«ማረጋጊያው አደጋ አለው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሚዳዞላም ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጣት ላይ፣ ማርከሻው ፍሉማዜኒል አጠገብ፣ ታካሚውን ቤት የሚያደርስ ሰው ደጅ ላይ ይኑር። አደጋው የሚያስገድደው መዘጋጀትን ነው፤ መንፈግን አይደለም። ማረጋጊያው በሌለበትም ስፕሬይ መርጨት፣ ረጋ ብሎ ማስረዳት፣ እጁን ሲያነሳ ማቆም ይቻላል። ቃል ደግሞ ከውጭ አይገባም፤ ዶላር አይጠይቅም።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ብዙ ጊዜ ምግብ አላልፍ እስኪል ድረስ ዝም ይላል። ዛሬ ሥቃዩን ፈርቶ ከበር የተመለሰው ሰው ነገ የሚመጣው ውኃ መዋጥ ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ «አቦ ቻለው» ማን ይለዋል?