አምስት ቀን ከነጺሜ

“በቀጠሮሽ ቀን ጠዋት ቡና ባትጠጪ ይመረጣል” አለችኝ በስልክ። ሳቄ መጣ። እኔ የደወልኩት ሁለት ሰዓት ሙሉ አገጬ ላይ በመርፌና በኤሌክትሪክ ስትሠራ እንዴት ልቻለው ብዬ ነው፤ እሷ ከቡና ጀመረች! (ምክንያት አላት። ቡና አንዳንዱን ሰው ያቁነጠንጠዋል፤ የሚቁነጠነጥ አገጭ ላይ ደግሞ መርፌ አያምርም።) ቁርስሽን ብዪ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ያሉትን ቀናት ተያቸው፣ ያን ጊዜ ሕመሙ ሊብስብሽ ይችላል አለችኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ ተራ ነገር፣ “ደግሞ አምስት ቀን ሳትላጪው ቆዪ” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አምስት ቀን! ቡናውስ ይሁን።

እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ጺም አለኝ። ሴት ሁሉ ያላትን ለስላሳ ጸጉር ማለቴ አይደለም። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አገጬና አንገቴ ላይ የሚበቅል ጺም። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእኔና ከመታጠቢያ ቤታችን መስታወት በቀር የሚያውቀው አልነበረም (ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ እመለስበታለሁ)። በወረንጦ ነቅያለሁ፣ በክር አስነቅያለሁ፣ ዋክስ ተደርጌያለሁ፣ በምላጭ ላጭቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኮቪድ ገብቶ ማስክ ግዴታ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ታፈንኩ እያለ ሲያማርር እኔ በሆዴ ተመስገን ያልኩ ሰው ነኝ። ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሌዘር መጣ። አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ “ለዘለዓለም ትገላገዪዋለሽ” ተብዬ የስድስት ጊዜውን ሒሳብ በአንዴ ከፈልኩ። አልተገላገልኩም። ጋዜጠኝነት የተማርኩ፣ ሰው መጠየቅ ሙያዬ ነው የምል ሴት፣ ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ነው አልጋው ላይ የተጋደምኩት። ቆይቶ የገባኝ ይኸውና፦ ሌዘር የሚፈልገው የጸጉሩን ጥቁር ቀለም ነው። ቆዳችን ውስጥም ያው ቀለም አለ። ስለዚህ ለጠይም ቆዳ ያልተመረጠ ሌዘር ቆዳውን ሊያቃጥል፣ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ለእኛ ቆዳ ይሻላል የሚባለው ኤንዲ ያግ የሚሉት፣ የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። ፊት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ፣ በተለይ ጠየም ያልንና የሆርሞን ችግር ያለብን ላይ፣ ለስላሳውን ጸጉር ጭራሽ ቀስቅሶ ሊያወፍረው ይችላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ቃሉን ለይቶ ነው የሚጠቀመው፤ ሌዘር ጸጉርን በዘላቂነት “ይቀንሳል”፣ ኤሌክትሮሊሲስ ግን በዘላቂነት “ያስወግዳል”። በዚህች የአንድ ቃል ልዩነት ስንት ብሬ ሄደ!

ኤሌክትሮሊሲስ እንዲህ ነው። በጣም ቀጭን መርፌ በእያንዳንዷ ጸጉር ጎን ወደ ሥሯ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። አንደኛው ዓይነት ሥሯን በሙቀት ያቃጥላል። ሌላው እዚያው ካለው ጨውና ውሃ ኮስቲክ ሶዳ ይፈጥርና (አዎ፣ ሳሙና የሚሠራበት) ሥሯን ያጠፋል። ሁለቱን የሚያደባልቅም አለ። ከዚያ ጸጉሯ በወረንጦ ስትያዝ ያለ ትግል ሹልክ ትላለች። አንዷ አለቀች፣ ቀጣይ! አንድ በአንድ ነው፤ ሒሳቡም በደቂቃ ነው። ጸጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይበቅል ደግሞ ዛሬ የተኙት ሲነሱ ተመልሶ መሄድ አለ፤ አንድ ዓመት፣ ከዚያም በላይ።

የገረመኝ ታሪኩ ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ቻርለስ ሚሼል የሚባል የሴንት ሉዊስ የዐይን ሐኪም ይህን ዘዴ ሲያሳውቅ ለውበት ብሎ አልነበረም። ወደ ውስጥ ታጥፈው ዐይን የሚወጉ ሽፋሽፍቶችን ለማጥፋት ነበር። ይህን ሳነብ ጎጃም የነበረችው አያቴ ፊቴ መጣች። ትራኮማ ሽፋሽፍቷን አጥፎባት በአንገቷ ያንጠለጠለችውን ወረንጦ ለጎረቤት ሰጥታ ታስነቅል ነበር። ደጃፏ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች፣ ሰው እያየ! ማንም አላፈረባትም፣ እሷም አላፈረችም። የእኔ ወረንጦ ግን የሚኖረው በካልሲ ውስጥ ነው።

ወደ አምስቱ ቀናት ልመለስ። መርፌው ጸጉሩን ተከትሎ ስለሆነ የሚገባው ጸጉሩ መኖር አለበት። በወረንጦ፣ በክር ወይም በዋክስ የተነቀለው ከነሥሩ ስለወጣ መንገድ የሚያሳይ የለም፤ እነዚህን ከሳምንታት በፊት መተው ነው። ምላጭ ይፈቀዳል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ግን እሱም ይቆማል። ምክንያቱም ወረንጦው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከተላጨ በኋላ ብቅ ብቅ የሚለው በእድገት ላይ ያለው ጸጉር ነው፤ መርፌው በደንብ የሚገድለውም እሱን ነው። ነገሩ እኮ ልክ ነው! ግን አስቡት፤ አሥር ዓመት የደበቅሽውን ነገር ለማጥፋት መጀመሪያ ለሰው ማሳየት አለብሽ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። በሁለተኛው በሙቀት ሻርፕ አደረግኩ። በሦስተኛው ሥራ ቦታ ስብሰባ ነበረና እጄን አገጬ ላይ አድርጌ እንደ ፈላስፋ ስቆዝም ዋልኩ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ይዤ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ያየኝም ካለ አልነገረኝም።

በዚያው ቀን ማደንዘዣ ቅባት ልገዛ ፋርማሲ ገባሁ። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን ያለበትን። ፋርማሲስቷ “ለምንድን ነው?” አለችኝ። “ወንድሜ ታቱ ሊነቀስ ነው።” ወንድም የለኝም። “የት ቦታ ላይ?” “ክንዱ ላይ፣ ሙሉ ክንዱን።” እሷም በትዕግሥት፣ ለሌለው ወንድሜ ክንድ ስንት መቀባት እንዳለበት አስረዳችኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንዷ የ22፣ ሌላዋ የ25 ዓመት ሁለት ወጣቶች፣ ለሌዘር እንዲመቻቸው ብለው እግራቸውን በማደንዘዣ ቅባት ቀብተው በላዩ ላይ ፕላስቲክ ጠቀለሉበት። አንቀጠቀጣቸው፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ ሞቱ። የእነሱ ከእኔው በጣም የጠነከረ ነበር፤ ቦታውም ሰፊ። ቢሆንም የእኔ ዕድሜ ናቸው። “የት ቦታ ላይ? ምን ያህል ስፋት?” የሚለው ጥያቄ ለወሬ አልነበረም፤ ሰው የሚያተርፍ ጥያቄ ነበር። እኔም በውሸት መለስኩለት።

እኔን የሚያናድደኝ እንግዲህ ይሄ ነው። ጸጉሩ አይደለም፤ ድብብቆሹ ነው። ለመጥፎ ሌዘር የከፈልኩት ሰው እንዳይሰማኝ ቶሎ ለመውጣት ስል ነው። ፋርማሲስት የዋሸሁት ለዚያ ነው። ሐኪም ዘንድም አሥር ዓመት ያልሄድኩት ለዚያው ነው። አንዲት ጓደኛዬ “ለምን ታጠፊዋለሽ? ተቀበይው እንጂ” ትለኛለች። ደግ ሐሳብ ነው (የራሷ አገጭ እንደ ሎሚ የለሰለሰ መሆኑን ሳንረሳ)። የምትተወው ትተወው፣ አጨበጭብላታለሁ። እኔ አልፈልገውም። ስለማልፈልገው ነገር ግን ጨለማ ውስጥ ሆኜ መወሰን ሰልችቶኛል።

አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ቤት ውስጥ ሻርፕ አይደረግ! እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ አገጬ ላይ ቆመ። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ አገጬን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችኝ።

“የእኔ ነው የወጣብሽ” አለች።

አልገባኝም።

“የእኔን ነው የወረስሽው። እኔ አንቺን ከወለድኩ ጀምሮ በየጠዋቱ እነቅላለሁ።”

ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ በአንድ መታጠቢያ ቤት፣ በአንድ መስታወት፣ ሁለት የተደበቁ ወረንጦዎች! የእሷው ከመድኃኒት ሳጥኑ ጀርባ ነበር። እኔ የእሷን በር መቆለፍ ጸሎት ይመስለኝ ነበር፤ እሷ የእኔን ደግሞ የልጅነት ነገር። ተያይተን ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ትንሽ አለቀሰች፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

ሐኪም ዘንድ ቀድመሽ ሂጂ ያለችኝ እሷ ናት፤ ቀጠሮዬን በሦስት ሳምንት ገፋሁት (አዎ፣ አምስቱን ቀን ደግሜ ኖርኩት)። ሐኪሙ ስለ ወር አበባዬ መዛባት ጠየቀኝ፣ ደም አስመረመረኝ፣ የማህፀን ዕቁላሌን በአልትራሳውንድ አየ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል። ከአሥር ሴቶች አንዷ ገደማ ያለባት ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ ሆርሞኑ ካልታየ መርፌው አንዱን ሲገድል ሌላው ሊነሳ ይችላል። ጸጉሩ በድንገት የበዛባት፣ ድምጿም የጎረነነባት ደግሞ ነገ ሳትል ትሂድ። ጠባሳዋ የሚያብጥባት፣ ልቧ ላይ የሚተከለው መሣሪያ ያለባትም አስቀድማ ትናገር። መርፌው አዲስ፣ ፊትሽ የሚቀደድ መሆኑን ማየት መብትሽ ነው። እኔ “አሳዪኝ” አልኳት፤ አልተቀየመችም።

እማዬ አብራኝ መጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሆና በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ይዛ ጠበቀችኝ። ያማል ወይ? ያማል። ከላይኛው ከንፈር ይልቅ አገጭ ይሻላል። ስነሳ ንብ የነደፈኝ መስዬ ነበር። አትንኪው፣ ዛሬ ሜክአፕ አታድርጊ፣ ከፀሐይ ተጠንቀቂ፣ ቅርፊት ቢይዝ እንዳትልጪው፣ በእኛ ቆዳ ጥቁር ምልክት ይተዋል ተባልኩ።

ልንወጣ ስንል እማዬ ወደ ሠራተኛዋ ጠጋ አለች። “የኔ ልጅ፣ ሽበት የሆነውንስ ይነቅለዋል?”

“ይነቅለዋል እትዬ። ነጭ የማያየው ሌዘር ነው።”

“እንግዲያው ለእኔም ቀጠሮ ያዢልኝ።”

ለሚቀጥለው ወር ተያዘላት። ስለ ቡናው ገና አልነገርኳትም።