ቋንቋውን ባናውቅ ሰዓቱን ማስከበር አያቅተንም



ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት አፋቸውን በፈቱበት ወይም በሰፈር በለመዱት ቋንቋ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ቢሰጥም እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ሲባል የኖረ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ዝምተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ያላየ ቤት በሰፈራችን ያለ አይመስለኝም።

በአገር ደረጃም ውጤቱን ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መጽሐፍ ማጣትም፣ የክፍል መጣበብም አለበት። ሆኖም ጥያቄው ምን እንደሚል ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

ለዚህ ነው ባለፈው ስብሰባ የእድራችን አዳራሽ ማታ ማታ ለተማሪዎች ይከፈት የተባለው። ሐሳቡ ሳይወሰን አደረ። የመብራት ሒሳብ ያነሣ አለ፣ ወንበር ይሰበራል ያለ አለ። ከሁሉ የከበደው ግን «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅ፤ ልጆቹን ሰብስበን ምን ልናስጠናቸው ነው?» የሚለው ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን ከ6ኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ግን መልስ አለው ብዬ ስለማምን ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት አስተያየቴን በዚህ ሰሌዳ ላይ ላቀርብ ወደድኩ።

በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ካጡ ልጆች መካከል በሺህ የሚቆጠሩት ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኩባ ተልከው ነበር። የተቀመጡት የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ነው። ሲሄዱ ከስፓኝ ቋንቋ አንድ ቃል የሚያውቅ አልነበረም። እናት አጠገባቸው የለች፣ አባት የለ፤ ቢኖሩስ ስፓኝኛ ከየት ያመጣሉ? እንግዲህ እነዚህ ልጆች ቋንቋውን ተማሩ፤ በቋንቋውም ሌላውን ትምህርት ሁሉ ተማሩ። ሐኪም የሆነ አለ፣ መሐንዲስ የሆነ አለ። ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቶ እንኳ እርስ በርስ ሲገናኙ በስፓኝኛ የሚጨዋወቱ ብዙ ናቸው።

ልጆቹ ከእኛ ልጆች የተለየ ጭንቅላት ኖሯቸው አይደለም። የነበራቸው ሥርዓት ነው። ቀኑ ተከፍሎ ነበር፤ እኩሌታው ለትምህርት፣ እኩሌታው ለፍራፍሬ እርሻ ሥራ። የሥራው ሰዓት ከጥናቱ ሰዓት ጋር አይደባለቅም። ሌላም ነገር አለ። እነሱ ቋንቋውን በክፍልም፣ በእርሻም፣ በምግብ ቤትም ቀኑን ሙሉ ይሰሙት ነበር። የእኛ ልጅ እንግሊዝኛን የሚሰማው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ደወል ሲደወል አብሮ ያበቃል። ስለዚህ የእኛ ልጅ ቤት ሲገባ ያንን ቋንቋ በአፉ ካላወጣው፣ ጆሮው ካልሰማው፣ ነገ እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው።

የልጆቻችን አጠናን ደግሞ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ዓመቱን ሙሉ ደብተሩ ተዘግቶ ይከርምና ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው እንቅልፍ ማጣት ይጀመራል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! ቋንቋ በዚህ መንገድ አይያዝም። ኤቢንግሃውስ የተባለ የጀርመን ተመራማሪ ገና በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው ያጠናውን ካልደገመው በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን እንደሚረሳ፣ በየቀኑ እየከፋፈለ ቢደግመው ግን እንደሚይዘው አሳይቷል። ለእኛ ለአርሲ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት የሚደርሰው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ነበር፤ ሲመለስም እንደዚያው። ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ ተነሥታ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው በአንድ ሳምንት ልምምድ ነው የሚል ሰው አለ? እግር በየቀኑ እንደሚሠራ ምላስም በየቀኑ ይሠራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛ የማናውቅ ወላጆች ልናደርገው የምንችለውን ልዘርዝር።

1ኛ. ሰዓት መስጠት። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ የታወቀ ሰዓት። በዚያ ሰዓት ሱቅ አይላክም፣ ከብት አስገባ አይባልም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ስልኩም ከወላጅ ዘንድ ይቀመጣል።

2ኛ. ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ። እኛ ባይገባንም መስማት እንችላለን። ልጁ እየተደናቀፈ ነው ወይስ እየፈሰሰለት ነው የሚለውን ለማወቅ ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም።

3ኛ. «ዛሬ ምን ምን ቃል ተማርክ? ትርጉሙስ?» ብሎ መጠየቅ። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ያስረዳን። ለእናቱ ያስረዳውን ነገር ልጅ በቀላሉ አይረሳውም። አምስት ቃል በቀን ቢሆን በወር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

4ኛ. ደብተር ማየት። ቀይ እርማት ካለበትና ልጁ ካላስተካከለው ለምን ብሎ መጠየቅ። ከመምህሩ ጋር መገናኘትም ልጅ ሲያጠፋ ብቻ መሆን የለበትም።

5ኛ. በአጨዳ ጊዜ ልጅን ከትምህርት አለማስቀረት። ገጠር እርሻ ያለን ሰዎች ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስንዴውና ገብሱ እንደሚያስቸኩል አውቃለሁ። ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ያመለጠው ትምህርት በሰኔ ፈተና ላይ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። «የጥናት ሰዓት» ስንል በብዙ ቤት የወንድ ልጅ ሰዓት ማለታችን ነው። ወንዱ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ እኅቱ ምድጃ ሥር ናት፤ ወጡን ታማስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ለአባቷ የእግር ውኃ ታሞቃለች። ሁሉ ተኝቶ ደብተሯን ስትገልጥ ዓይኗ ይከደናል። ከዚያ ውጤቷ ዝቅ ሲል «ትምህርት አልሆነላትም» ይባላል። እህ! መቼ አጠናችና? ለሷም ያው አንድ ሰዓት ይገባታል። ወንዱም ዕቃ ቢያጥብ እጁ አይቆረጥም።

አዳራሹን የፈለግነውም ለዚሁ ነው። ሁሉም ቤት ጸጥ ያለ ማእዘን የለውም። በአንድ ክፍል ስድስት ሰው የሚያድርበት ቤት አለ፣ አረቄና ጠላ የሚሸጥበት ቤት አለ። አዳራሽ የምትመጣ ልጅ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ከምድጃ ትላቀቃለች። እናትና አባቶቻችን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጎልማሳ ሆነው፣ ቀን ሥራ ውለው፣ በየቀበሌው ተሰብስበው ፊደል ቆጥረዋል። ለጎልማሳ የተቻለ ነገር ለልጆች የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። አዳራሹ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይከፈት። በየማታው ሁለት ወላጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በተራ ይቀመጡ፤ ሥራቸው ማስተማር ሳይሆን ጸጥታ ማስከበርና ሲመሽ ትንንሾቹን እቤታቸው ማድረስ ነው። ለመብራቱ እያንዳንዱ አባል በወር 5 ብር ይጨምር። ወንበር የሰበረ ልጅ ወላጁ ያሠራ። ለቅሶ ሲኖር አዳራሹ ለለቅሶው ይሆናል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ከተማችን የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ ያሉባት ከተማ ስለሆነች ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የሚያግዙ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን እንጠይቃለን። ቢመጡ እሰየው፤ ባይመጡም አዳራሹ ይከፈታል።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ማንም አይቀድመው። በዚህ እንኮራለን። ለሞተ ሰው የምንሰበሰበውን ያህል ገና ላልጀመረ ሕይወትም ብንሰበሰብ ምን ይለናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ በጉዳዩ ላይ ድምፅ ይሰጣል። የምትቃወሙም የምትደግፉም ቀርታችሁ በኋላ በየደጁ ከምታወሩ መጥታችሁ እዚያው ተናገሩ። በተራ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከወዲሁ ከጸሐፊው ዘንድ ስሙን ያስመዝግብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አሰላ